ጋን የሌለው ጌሾ

የልጅ ልጄን በዳርንበት ጥር ሰቆጣ ገበያ ላይ ጌሾ ጠፋ። የጠፋውም ዓይኔ እያየው ነው። የጌሾ ሻጯ ደጃፍ ጆንያ በጆንያ ላይ ተቆልሎ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ቅጠሉ በጆንያው ቀዳዳ ይታያል፤ ሽታው ከመንገድ ማዶ ይጠራል። እኔ ግን ለወር ማኅበሬ የምትሆነኝን አንዲት ቁና ልገዛ ብሄድ የለም ተባልኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት ጆንያውን በከዘራዬ ነካ አድርጌ።

"የተያዘ ነው፣ እትዬ።"

"በማን?"

"በሰው።"

"ሰውየው ስም የለውም?"

"ያዥልኝ ያለኝን ሰው ስም ገበያ ላይ አላወጣም። እርስዎም ያዥልኝ ቢሉኝ የእርስዎንም አላወጣም።"

ይህች ሴት በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በጌሾ ንግድ አሳድጋለች። ምላሷ ስለታም ነው፤ የእኔም አይተናነስም። ሁለታችን ደህና ዋልሽ ስንባባል የሚያይ ሰው የምንጣላ ይመስለዋል። ያን ቀን ግን እውነትም ተጣላን። ሸሽገሽ ልታስወድጂው ነው አልኳት፤ ያልኩትም ሰው መሃል ነው። ሰዎችም ቆመው ሰሙ፤ አንዳንዱም "እውነቷን ነው" አለ። በአማርኛ የጀመርነውን ጥል በኽምጠኛ ቀጠልነው፤ የእናቶቻችን ቋንቋ ለስድብ ይበልጥ ይመቻል።

በመጨረሻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ "ከተማው በሙሉ ድግስ አለበት። የሚያልፈው ሁሉ ጌሾ ያዥልኝ ይላል። ይሄ አይበቃም ብዬ አምደወርቅ ላለው ጌሾ ሰብሳቢ ደውያለሁ፤ በጭነት መኪና ሊመጣልኝ ነው። ለእሱ የምከፍለው ስለሌለኝ በፊታችን ገበያ ላሜን እሸጣለሁ። ሸሽጋ የምትከብር ሴት ላሟን ትሸጣለች?"

ላሚቱን አውቃታለሁ። ያለቻት አንድ እሷ ናት። ቡሬ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጥጃዋን አስከትላ በቤታችን በር ስታልፍ ደወል ያሰረች ያህል ትሰማለች፤ ወተቷና ቅቤዋ ጌሾ በማይሸጥበት ክረምት የዚያን ቤት እሳት ያነዳሉ። ላሚቱ ከሄደች ሴትየዋ ሁለት ክረምት አትዘልቅም።

ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ውስጤን ይቆረቁረኝ ጀመር። ከተማው በሙሉ ድግስ አለበት ነው ያለችው። ሰቆጣ ውስጥ ድግስ ኖሮ እኔ የማላውቀው ከመቼ ወዲህ ነው? ማን እንደሚድር፣ ማን ተዝካር እንደሚያወጣ፣ ማን ክርስትና እንደሚያነሳ አውቃለሁ፤ ያላወቅሁት ካለ ደግሞ ሳይጠሩኝ ቀርተዋል ማለት ነውና ጠብ አለ። ያን ሰሞን የማውቀው የራሳችንን ሠርግና ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን አንድ ተዝካር ነው። ሌላው በጥምቀት ሰሞን ደግሶ አርፏል።

እግሬን ወደ ሰንበቴው ቤት አዞርኩት። እኛ ሰፈር ትልቅ ጋን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ድግስ ያለበት ሰው ከሰንበቴው ይዋሳል፤ ቀድሞ የያዘውም ሌላ እንዳይወስድበት በጋኑ አንገት ላይ ክር ያስራል። ቁልፉን የሚይዙት አዛውንት ቄስ በሩን ከፈቱልኝና "ጋን ፈልገሽ ነው?" አሉኝ።

"የለም አባ፣ ማን እንደያዘ ለማየት ነው።"

"በጨለማ ምን ይታይሻል?" ብለው ባትሪ ያለውን ስልካቸውን አበሩልኝ።

ጋኖቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ግድግዳውን ዙሪያውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቀይ ክር የታሰረባቸው የእኛ ናቸው፤ ልጄ ስታስር አብሬ ነበርኩ። ጥቁር ክር ያለባቸው የተዝካሩ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጌሿቸውን አስቀድመው ገዝተዋል። የቀሩት አንገታቸው ባዶ ነው፤ በአንዳንዱ አፍ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከመደመርና ከመቀነስ አላለፍኩም። ይህን ለማወቅ ግን ያም ይበዛል። ጠላ በአየር ላይ አይጠመቅም። ከተማው በሙሉ ጌሾ ከፈለገ ከተማው በሙሉ ጋን ይፈልግ ነበር። የጠየቀው አፍ ብዙ፣ የሚጠመቅበት ጋን ጥቂት ከሆነ፣ ያ ሁሉ አፍ የሚጠይቀው ለእነዚያው ጥቂት ጋኖች ነው።

ቤት ስደርስ ልጄ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ብቅሉን ሰሌን ላይ አስጥታ እያገላበጠች ነው።

"ጌሾ እንዲፈልግልሽ ለማን ነገርሽ?" አልኳት።

"ለአክስቴ።"

"ለእሷ ብቻ?"

"ለባሌ እህትም... ለሙሽራዋ ክርስትና እናትም ነገርኩ።"

"ሌላስ?"

ብቅሉን ማገላበጥ ተወች። "ምን አጠፋሁ እማዬ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ዘመድ አታስቀይሚ የምትይኝ?"

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሠርግ ሲኖር ዘመድ ሁሉ "ምን ልርዳ?" ብሎ ይመጣል። ሥራ ያልተሰጠው ዘመድ እንደተናቀ ይቆጥረዋል፤ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እህሉ ከጎተራችን ነው፤ ማሩን የሚያመጣው የሙሽራው ወገን ነው፤ በሬው ተገዝቷል። ለዘመድ የሚሰጥ ሥራ ሲጠፋ ልጄ የማያከብድ፣ የማያስከፋ፣ ማንም እሺ የሚለው ነገር ፈለገችና ለመጣው ሁሉ "እስቲ ጌሾ እንዳይጠፋ ጠይቂልኝ" አለች። ለሁሉም። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ፤ ሁሉም ጠየቀ።

ይህ ብቻ ቢሆን ሻጯ ትደርስበት ነበር። ነገር ግን ለሠርግ ነው ብሎ በገበያ የሚናገር የለም። ጥንስስ ዓይን አይወድም፤ የድግስ ጠላ ሳይጠመቅ ከተወራለት ይከሽፋል ይባላል። ስለዚህ አንዷ ለማኅበሬ ነው ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ ለልጄ ክርስትና፣ ሌላዋ ለእንግዳ። ልጄ አንድ ቁና ያለቻት "እንዳያንስባት" ብላ ሁለት አለች። ሁለት ያለችው ለእህቷ ስትነግር እህቷም ሄዳ ጠየቀች። ያዥልኝ ሲባል ጌሾው ይያዛል፤ ሲያዝ ከገበያ ይጠፋል፤ ጠፋ ሲባል ምንም ድግስ የሌለበት ሰው ይሮጣል። እኛ ጠፋ የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ጨው ጠፋ ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። ይህን ቃል የሰማ የዋግ ሰው መጀመሪያ ይገዛል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል።

የላሚቱን ነገር ለልጄ ስነግራት ሙሽራዋ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እማማ፣ በእኔ ሠርግ የሰው ላም ከተሸጠች ያ ጠላ በጉሮሮዬ አይወርድም። እርስዎ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ።"

"ሙሽራ ከብት ገበያ ስትሄድ የታየው የት ነው? አርፈሽ ተቀመጪ።"

በገበያው ዕለት ማልጄ ወጣሁ። ከብት ተራ ስደርስ ሻጯ የላሟን ገመድ ይዛ ቆማለች፤ አንድ ጃኬት የለበሰ ገዢ የላሚቱን ጥርስ ያያል፤ ደላላው በሁለቱ መሃል ሊያጨባብጥ እየተንደረደረ ነው። ቀጥ ብዬ ሄጄ ገመዱን ያዝኩ።

"ገመዱን ይልቀቁ፣ እትዬ።"

"አልለቅም። ላምሽን አትሽጪ። ጌሾ ፈላጊው አንድ ቤት ነው፤ የእኔው ቤት ነው። ከተማ የመሰለሽ የልጄ አክስቶች ናቸው።"

ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ድግሱ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ጌሾው ቢረክስ የሚጠቅመው እርስዎን ነው። ባለፈው ሰው መሃል ሸሻጊ አሉኝ፤ ዛሬ ደግሞ ላምሽን አትሽጪ ይሉኛል። ነገ ደግሞ በነጻ ስጪ ይሉኛል።"

ገዢው ሳቀ። ደላላውም ሳቀ። እኔ አልተቀየምኩም፤ ፍርዷ ትክክል ነው። የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሆንም፤ ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምረኝ አውቀዋለሁ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እኔን አላምንም ነበር።

"አትመኚኝ" አልኳት። "ቤቴ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ። ዛሬ ባቄላ ለቀማ ነው፤ ሁሉም እዚያ አሉ። አይተሽ ካላመንሽ እኔው ራሴ ላሚቱን እዚህ ድረስ ጎትቼ አመጣልሻለሁ።"

"እናቴ፣ እኔስ?" አለ ገዢው።

"አንተም ና። ድግስ ቤት ነው፣ ቁርስ አይጠፋም።"

"ላሚቱስ?"

"ላሚቱም ትምጣ።"

እንዲህ ሆኖ በዋናው መንገድ ተሰልፈን ወረድን፤ እኔ ከፊት፣ ሻጯ ላሟን እየሳበች፣ ገዢው ከኋላ፣ ደላላው ደግሞ ድርሻው እንዳያመልጠው ከሁሉም ኋላ። የባጃጅ ሾፌሮች "ጥሎሽ ነው?" እያሉ ያልፉናል።

ግቢያችን ውስጥ ሴቶቹ ሰፌድ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባቄላ እየለቀሙ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ሻጯ በሩ ላይ ስትታይ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አንዷ ጎንበስ ብላ የሌለ ጠጠር መፈለግ ጀመረች።

ሻጯ ገመዱን ለገዢው ሰጠችና ወደ ውስጥ ገባች። በመጀመሪያ ያየችው የልጄን ባል እህት ነው።

"አንቺ ለልጄ ክርስትና ነው አላልሽኝም?"

"ነው እኮ። ክርስትናው ትንሽ ይዘገያል።"

"ልጁ መቼ ተወለደ?"

"ገና ነው" አለች ሴትዮዋ ሆዷን ዳሰስ አድርጋ። ከእኔ ጋር የምትተካከል ባልቴት ናት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ሻጯ አልሳቀችም። እየዞረች ፊት ለፊታቸው ቆመች። "አንቺ ለእንግዳ አልሽኝ። አንቺ ባለቤቴ ጠላ ካልጠጣ አይተኛም አልሽኝ። አንቺ ደግሞ..." ብላ የሙሽራዋ ክርስትና እናት ጋ ስትደርስ፣ በነጠላ የተሸፈኑትን ገልጣ አየቻቸውና፣ "እርስዎስ እማሆይ? እርስዎ መቼ ጠላ ጠጥተው ያውቃሉ?"

"አደራ ነው ልጄ" አሉ መነኩሲቷ። "አደራ ሲሰጡኝ እምቢ ልበል?"

እኔ መሃል ላይ ባዶ ሰፌድ አስቀመጥኩ። "እያንዳንድሽ ለጠየቅሽው ቁና አንድ አንድ ባቄላ ጣዪ። የዋሸች ሠርጉን አትበላም።" አጉረመረሙ፣ ግን ጣሉ። አንዷ ስትጥል ሌላዋ "ጨምሪ፣ ከዚያ በላይ ስትጠይቂ ሰምቻለሁ" ትላለች። ተነሥታ ወደ ቤቷ የደወለችም አለች፤ ልጇም ጠይቃ ኖሯል። ባቄላው ሰፌዱን ሸፈነው። ከዚያ ልጄን ጠራኋትና በሌላ ሰፌድ ቀይ ክር ላሰርንባቸው ጋኖች የሚበቃውን እንድትጥል ነገርኳት። ጠማቂ ናት፤ አላመነታችም። እፍኝ የማይሞላ ጣለች።

ሁለቱን ሰፌዶች ሻጯ እግር ሥር አስጠጋሁ። "ይሄ አፋችን ነው። ይሄ ጋናችን ነው። የአፉን ብቻ ነው ስትሰሚ የከረምሽው።"

ሴትየዋ ሁለቱን ሰፌዶች አስተያየች። ቁጭ አለች። ከልጄ ባቄላ አንዷን አንስታ አገላበጠቻት። ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ስል እየሳቀች ነው። ጭኗን እየመታች ሳቀች።

"እኔም ጨምሬበታለሁ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "አምደወርቅ ስደውል እንዳያንስ ብዬ ጨመር አድርጌ ነው ያዘዝኩት። ቁና ስሰፍር ምራቂ የምጨምር ሴት፣ በወሬም ምራቂ ጨመርኩ።"

ሙሽራዋ ስልኳን አመጣችላት። ድምፁን ከፍ አድርጋ አምደወርቅ ላለው ሰብሳቢ ደወለችለት፤ ሁላችንም ከበን ሰማን።

"ጌሾው እንዴት ነው?" አለችው።

"አትጨነቂ፣ ካልሽውም በላይ ነው የምጭንልሽ! ደሃና ወረዳ ላሉት ገበሬዎች ስነግራቸው እኔም እንዳያንስ ብዬ ከፍ አድርጌዋለሁ። ሰቆጣ ጌሾ አበደ ብለው ነገ ለጋውንም ሊቆርጡት ነው።"

ገበሬዎቹ ለጋውን ከቆረጡ ቁጥቋጦው በሚቀጥለው ዓመት ምንም እንደማይሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሻጯ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "አስቁማቸው" አለችው። "ሰቆጣ አላበደም። አንድ ሠርግ ነው ያለው።"

"ምን?"

"አንድ ሠርግ ነው አልኩህ። የተቆረጠ አለ?"

"የመጀመሪያው ተቆርጦ ደርቆ ታስሯል። ከገበሬዎቹ በአህያ ወደ እኔ እየወረደ ነው።"

"እሱ ይምጣ። ሌላውን ተው።"

ስልኩን ስትዘጋ ጭቅጭቁ ተጀመረ። የመጣውን ማን ይውሰድ? የልጄ አክስት ቀድማ "ነጋዴዋ ትያዘው፤ ንግድ ትርፍም ኪሳራም አለው" አለች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይሆንም" አልኩ። "ይህች ሴት ጌሾ ያስቆረጠችው እናንተን አምና ነው። አፋችሁ ያስቆረጠውን እጃችሁ ይቀበላል። እያንዳንድሽ በጣልሽው ባቄላ ልክ ትወስጃለሽ።"

"እትዬ፣ እኔ ጠላ የምጠምቀው ለፋሲካ ነው!"

"ደረቅ ጌሾ ፋሲካን ይጠብቃል።"

"በስንት?" አለች ሻጯ ቶሎ ብላ።

"በአምናው ዋጋ።"

"ሰሞኑን ዋጋው ከፍ ብሏል እትዬ።"

"ከፍ ያለው በሌለ ሰው ነው። የሌለ ሰው ዋጋ አይጨምርም። እነሱም በታች አይሉሽም፣ አንቺም በላይ አትይም።"

ትንሽ ተከራከረችኝ፤ ደስ አለኝ፣ ሳትከራከር እሺ ብትል ነበር የምጠረጥራት። በመጨረሻ እጇን ዘረጋች፤ መታሁላት። መነኩሲቷ ድርሻቸውን ለልጄ ሰጡ፤ እኔም ሸሻጊ ስላልኳት ይቅርታ ጠየቅኋትና የወር ማኅበሬን ቁና ከእሷው ገዛሁ።

በር ላይ ጩኸት ሰማን። ስንወጣ ገዢውና ደላላው የሙሽራዋን እናት ቂጣ እየበሉ ሲያወሩ ላሚቱ ለዳሱ የመጣውን ለምለም ቅጠል ግማሹን ጨርሳለች። የሙሽራው ወገኖች ሲመጡ ዳሱ በአንድ በኩል ራሰ በራ ሆኖ ነው የጠበቃቸው።

"ታዲያ፣ ይሄን ሁሉ ከበላች ጨምሬ ልውሰዳት?" አለ ገዢው።

"አትሸጥም" አለች ሻጯ ገመዱን እየተቀበለች። ሰውየው ጠማማ አልነበረም፤ "እንግዲህ ቁርስ በልቻለሁ" ብሎ ደላላውን አስከትሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሻጯ ደጃፍ ጌሾ ያዥልኝ የሚል ሰው ሁሉ ይጠየቃል። "ጋንሽ የት ነው? ክርሽ ምን ዓይነት ነው?" ትላለች። መልስ ከሌለው "ጋን ስትይዢ ተመለሽ" ብላ ትሸኘዋለች። አንዳንዱ "ጌሾ ለመግዛት ምስክር ማምጣት ተጀመረ" እያለ ያማርራል። አማርሮም ይገዛል። ጌሾው ደጃፏ ላይ በየገበያው አለ፤ ለማኅበሬም አጥቼ አላውቅም። እሷም የሰንበቴውን ቤት አባ እየጠየቀች፣ ጋኖቹን አይታ ነው አምደወርቅ የምትደውለው።

በሠርጉ ዕለት ጠላው ጥሩ ወጣ። ቀለሙ ጠራ፤ ምሬቱም ልኩን ያዘ፤ የሙሽራው አጎቶች ዋንጫቸውን አስቀምጠው እንደገና አነሱት። ሙሽራዋ ከሙሽሮች መቀመጫ ሆና ዋንጫዋን ወደ እኔ ከፍ አድርጋ አሳየችኝና ጠጣች። ሻጯ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ስለ ክርስትናው የዋሸችው ባልቴት እጇን ይዛ ታስጨፍራታለች፤ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ ከበሮውም ገና ሲሞቅ፣ ሻጯ ከክቡ ወጥታ ነጠላዋን መፈለግ ጀመረች።

"ወዴት ነው? ገና እኮ ነው" አሏት ሴቶቹ ይዘዋት።

"ላሜ ትታለባለች። ጥጃዋ ይጮሃል።"

በእኛ አገር እንግዳ ከዳስ ሲነሣ "በሞቴ" ተብሎ ይያዛል፤ ሳይያዝ የሄደ እንግዳ እንዳልተወደደ ይቆጠራል። ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ፤ የድግሱ ባለቤት እኔ ነኝና "በሞቴ" እንድል። እኔ ግን ነጠላዋን ከተቀመጥኩበት ሥር አውጥቼ አቀበልኳትና መንገዱን ከፈትኩላት። እሷም ሳቅ ብላ በዳሱ ራሰ በራ በኩል ወጥታ፣ እየፈጠነች ወደ ቤቷ ወጣች።